የሐዲዱ ሰው መጋዝ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ ስመለስ የአውቶቡሳችን ጎማ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ተነፈሰ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ለውጥ በተጠራ ስብሰባ ተቀምጬ ስለነበር ደክሞኝ፣ ምክር መስማትም መስጠትም ሰልችቶኝ ነበር። ጥላ ፍለጋ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለች የእንጨት ሥራ ቤት ገባሁ።

ባለቤቷ አቶ ይልቃል ሠላሳ ዓመት የባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው፣ ባቡሩ ሲቆም ወደ አናጢነት የዞሩ ሰው ናቸው። ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። የእንጨት ሥራ ሙያ ተምራ የመጣችው የወንድማቸው ልጅ ንጋትወርቅ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ትናንት የመጋዝ ማሽኑ ሳንቃውን ወደ ኋላ ወርውሮ ጎናቸውን መታቸው» አለችኝ ሰላምታዬን ተቀብላ። «ነገ ተራው የእኔ ነው። እጄን ሳላጣ በእናንተው አውቶቡስ ሰመራ ልግባ ብያለሁ።»

«ሳንቃው ጠማማ ስለነበረ ነው ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«ሳንቃውን አይውቀሱ አጎቴ፤ ጥፋቱ የመሪው ነው።» መሪ የምትለው እንጨቱ ተደግፎት ወደ መጋዙ የሚገፋበትን ረጅም ብረት ነው። «በኋላ በኩል ወደ መጋዙ ይጠባል። እንጨቱ መሐል ይያዝና ይወረወራል። ጠርዙ ተቃጥሎ ሲያዩት ደግሞ መጋዙ ደነዘዘ ይላሉ።»

«እኔ በዓይኔ አስተካክለዋለሁ፤ ሲያስፈልግ በመዶሻ መታ አደርገዋለሁ። ይኼ ሁሉ በርና መስኮት በዚሁ ዓይን ነው የተሠራው። በስተርጅና ሚሊሜትር ልቁጠር?»

ለሁለቱም አዘንኩ። እሷ ከሄደች ጎናቸው የተመታ ሽማግሌ ብቻቸውን ሳንቃ መግፋት አይችሉም፤ ቤቱ ይዘጋል። ከቆየች ደግሞ እጇን ልታጣ ትችላለች። አስታራቂ ሆኜ ለመናገር ግን ጉልበት አጣሁ።

ንጋትወርቅ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀች። «ሐዲድ ላይ ሳሉ ጠዋት ጠዋት ምን ያደርጉ ነበር?»

«በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ስፋት እለካ ነበራ።»

«በዓይንዎ?»

«ምን ነካሽ? በመለኪያ ብረት ነው እንጂ። የሰው ነፍስ ባለበት ነገር ዓይን አይታመንም።»

«እኔስ ነፍስ የለኝም?» አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው እያቃሰቱ ተነሡና «በይ ለኪው» አሉ።

ልጅቱ ሻንጣዋን አስቀምጣ የማሽኑን ኤሌክትሪክ ነቀለች። አንዱን የመጋዝ ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጋ፣ ከመሪው ያለውን ርቀት በፊት በኩል በብረት ማስመሪያ ለካች። ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙራ ደገመችና ማስመሪያውን ለአጎቷ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት፤ በሦስት ሚሊሜትር ይጠባል።

«ሠላሳ ዓመት ለመንገደኛ ሁሉ ስለካ ኖሬ ለገዛ ልጄ አልለካሁም» አሉ።

መሪው የሚንሸራተትበት ብረት ላይ የተጋገረውን ሰጋቱራ እሷ ጠረገች፤ መሪውን የያዙትን ቡሎኖች እሳቸው በመፍቻ አላሉ። ለክተው አስተካከሉ፣ አጠበቁ፣ እንደገና ለኩ። ኤሌክትሪኩን መልሰው ሲሞክሩት ሳንቃው ሳይያዝ አለፈ፤ ጠርዙም ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ከእንግዲህ ሳይለካ ማሽኑ አይነሣም» አሉ አቶ ይልቃል፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ።

አንባቢ ሆይ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለማሽንም ይሠራል። መሪው ከተስተካከለ እንጨት አይቃጠልም፣ መጋዝ ቶሎ አይደነዝዝም፣ በሩም ሲገጠም ገጥሞ ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ሠራተኛው ማታ በሙሉ እጁ ራቱን ይበላል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በጠመኔና በማስመሪያ ነው፤ ደግሞም በእልህ ማነስ።

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ንጋትወርቅ ሻንጣዋን ወደ ውስጥ ስታስገባ አይቼ ወጣሁ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ሰመራ እሄዳለሁ ያለችኝ ልጅስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ቀርታለች» አልኩት። በሦስት ቀን ውስጥ ደስ ብሎኝ የተናገርኩት ቃል ይህ ብቻ ነበር።