የሁለቱ ወንድማማቾች ቀይ ቀለም

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ በላይ ባለው ገደል ተንበርክከው ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ፣ ባቄላ በአህያ አውርጄ ጨው እያወጣሁ እተዳደር ነበር።

ሽማግሌው የሚቆፍሩት እንጭብር የሚባለውን ሐረግ ነው። ቅጠሉ ሻካራ ነው፤ የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ይይዛል። ሥሩ ግን ቀይ ነው፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ ሲፈላ የጥጥ ፈትል ያቀላል።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ሁሉንም ከነቀሉት ለከርሞ ምን ይቀርዎታል?» አልኩ።

«የከርሞን አላህ ያውቃል፤ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚነቅለው» አሉኝ።

«አባትዎም እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር?»

አፈሩን ከሥሩ አራገፉ። «የለም፤ እሱ ከቤታችን ጀርባ ነበር የሚነቅለው። ዛሬ እዚያ አንድም የለ» አሉ።

ሥሩን በአህያዬ ጭኜ ወደ ቤታቸው አብረን ወረድን። ስማቸው አብዱረሂም ነው፤ ሚስታቸው ሞታባቸው ከልጃቸው ከሐጂራ ጋር ይኖራሉ። ስንደርስ ታናሽ ወንድማቸው አብዱልሃዲ ፈትል ተሸክሞ መጥቶ ጠበቀን። ምሳ እየበላን የቤቱን ሥርዐት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ፣ ልጆቻቸው እንዳይለያዩ ብለው ሙያውን ለሁለት ከፍለውት ነበር። ፈትሉ ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ የሚታጠብበትንና የሚዘፈዘፍበትን ለታናሹ፣ ሥሩ የሚፈላበትን ለታላቁ አስተማሩ። አንዱ የሌላውን እንዳይጠይቅ፣ ለሴት ልጅም እንዳይነገር አስማሏቸው።

ሐጂራ ውሃ እያቀረበች፣ «አባዬ፣ አንተ እሺ ካልክ አጎቴ የሱን ሊነግረኝ ፈቅዷል። አንተም የአንተን ብትነግረኝ ምናለ?» አለች።

«ሴት ባል ታገባለች፤ ሙያችንን ይዛ ሰው ቤት ትገባለች» አሉ አባቷ።

«ሰው ቤት ብትገባስ ጋሼ? ወንድ ልጅ እንደሆን እኔም የለኝ፣ አንተም የለህ» አለ አብዱልሃዲ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «መምህር ነህ አሉ፤ ወረቀት ይዘህ እንደሆን አሁኑኑ ልንገርህና ጻፈው» አለኝ።

ወረቀትም ቀለምም በስልቻዬ ነበሩኝ። ሽማግሌው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«በእኔ ቤት የአባቴ መሐላ አይፈርስም!»

«አባቴ፣ መሐላው እንዳትለያዩ ነው እንጂ ሙያው እንዲጠፋ አይደለም» አልኳቸው። «እነሆ ሱቁ ከውጭ በቆርቆሮ በመጣ ቀይ የቀለም ዱቄት ተሞልቷል። ሰው የሚገዛው ወዶ አይደለም፤ የእናንተን ስለማያገኝ ነው።»

«የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ነጠላ እኮ አንድ ዝናብ ቢመታው በዱቄቱ የቀላው ጥለት ለቆ ነጩን ሁሉ አበላሸው!» አለች ሐጂራ።

«እንግዲያው ገዢዎቹ ይመለሱልናላ። ለማንኛውም አዝመራው ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ኢንሻ አላህ እናስብበታለን» አሉና ነገሩን ዘጉት።

አብዱልሃዲ አየኝ። እኔ ግን የሰው እንጀራ እየበላሁ ባለቤቱን መጋፋት ነውር መስሎኝ አቀረቀርኩ። ከቤት ሲወጣ ተከትዬው ወጥቼ ከዛፍ ሥር ብጽፈው ኖሮ ማን ይከለክለኝ ነበር? ስንት ነገር በይሉኝታ እንደቀበርን ሳስበው እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

በመንገዱ ላይ አርበኞችና ጣሊያን ይዋጉ ስለነበር ሦስት ወር ሳልወርድ ቀረሁ። በመጋቢት ስመለስ አብዱረሂም ከደጃፋቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ።

«ወረቀት ይዘሃል?» አሉኝ፣ ሰላምታዬን ሳይጨርሱ።

«ይዣለሁ፤ አብዱልሃዲስ?»

«የጣሊያን ወታደር የእሱን መንደር ሲያቃጥል ወደ ቆላው በረሃ ሸሸ። እዚያ ንዳድ ያዘው። ሰው ልኮብኝ ነበር፤ ‹ጋሼ ይምጣና የፈትሉን ነገር ልንገረው› ብሎ። ስደርስ ቀብረውታል። አዝመራው ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። አዝመራውም ገባ።»

ወረቀቴን ከስልቻዬ አወጣሁ። የዚያን ቀን የራሳቸውን ግማሽ፣ የሥሩን ማድረቂያ፣ የውሃውን ልክ፣ እሳቱ ለስለስ የሚልበትን ጊዜ፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩኝ፤ ጻፍኩትም። ሐጂራ ከአጠገባቸው ተቀምጣ ሰማች። የአጎቷን ግማሽ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። በአመድ ሞከረች፤ በአሬራ ሞከረች፤ በብዙ ዐይነት ቅጠል ሞከረች። ፈትሉ አንድ ጊዜ ቡናማ፣ አንድ ጊዜ የሸክላ መልክ ሆኖ ወጣ። ከብዙ ድካም በኋላ ሲታጠብ የማይለቅ ቀይ አገኘች፤ ነገር ግን ደብዘዝ ያለ ነው።

ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ሁሉን መንቀል ተዉ። ከሦስት ሐረግ አንዱን ብቻ ይነቅላሉ፤ የሐረጉን ቁራጭ በጓሯቸው ጥላ ሥር ይተክላሉ። ሐጂራም ሙያውን ለሚጠይቃት ሁሉ፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ሴት ልጅ ታስተምራለች። እትዬ ዘነበች ዛሬ የነጠላዋን ጥለት ፈትል ራሷ ታቀላለች፤ በቆርቆሮ የመጣውን ዱቄት አትገዛም። ሙያ ለአንድ ሰው ከተሰጠ ከሱ ጋር ይቀበራል፤ ለብዙዎች ከተሰጠ ግን አንዱ ቢሞት ሌላው ይዞት ይኖራል። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ጥቅሙ ሙሉ በሆነልን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ሐጂራ የመጀመሪያውን ፈትል ለገበያ የቋጠረችበትን ቀን ነው። አባቷ አንዱን ልቃቂት አንሥተው በብርሃን አገላብጠው አዩትና መለሱላት።

«‹ቀይ ነው› ብለሽ ሽጪው፤ ውሸት አይሆንብሽም» አሏት። «‹የአባቴና የአጎቴ ቀይ ነው› ብለሽ ግን አትሽጪው።»