ዕቃው በደንብ ታጥኗል

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ዝም ብለሽ አንድ ቀን መናገርሽ አይቀርም፤ የዚያን ቀን መስኮት ከፍተሽ ተናገሪ» ያለችኝ አክስቴ ጥሩዬ ናት፤ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሰበታ እሷ ዘንድ የገባሁ ሰሞን።

ላሊሴ፣ መስኮቱን አትዝጊው እንጂ። የሱሉልታ ብርድ ማንን ገደለ? ልጄም ተኝታልኛለች፤ ብርጭቆውን እያጠብን እንጫወት። በረንዳ ላይ ያሉት አባባና እንግዳውም የራሳቸውን ይጫወቱ...

እኔ የምልሽ፣ እንግዳችን ግን እንዴት ያለ ሰው ነው! አንቺን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ዝም አላለም፤ ለአባትሽ ከቡራዩ ድረስ የስኮትላንድ ውስኪ ይዞ መጣ። ያውም ካንድ መጥመቂያ ብቻ የወጣ፣ ከገብስ ብቅል በቀር ምንም ያልገባበት። በረዶ አትጨምሩ፣ አምቦ ውኃ አትቀላቅሉ፣ መጀመሪያ አሽትቱ፣ ቀጥሎ ምላሳችሁ ላይ አንከባልሉት... አስተማሪ እኮ ነው! እኔ እንዲህ ያለ አስተማሪ ደርሶኝ ቢሆን ትምህርቴን አቋርጥ ነበር?

አፍንጫውንስ አየሽልኝ? ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ «ማር አለው፣ የባሕር ጨው አለው፣ የእርጥብ ቆዳ ጠረን አለው» ሲል! የአባባ የእርሻ ቦቲ አጠገቡ ነበር፣ ምናልባት... ተይው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአሽታተት ይቀደዳል።

አባባ ደግሞ ቀመሱና ደስ አላቸው። «ዕቃው በደንብ ታጥኗል፤ ያጠነችው ሴት እጇ ይባረክ» አሉ። ምን ያድርጉ? ጭስ ጭስ የሚል ነገር የሚያውቁት ከእናትሽ የወተት ጮጮ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «አሜን» ብሎ ያልፍ ነበር። የኛ እንግዳ ግን ግልጽ ነው፣ ሳቁን አይደብቅም። ግልጽነት ለትዳር ጥሩ ነው አይደል? «የሚታጠነው ገብሱ ነው፣ አባባ!» ብሎ አረማቸው። ቀጥሎ በቪዲዮ ደወለና ስልኩን ደቅኖ «እስቲ ይድገሙት፣ ጓደኞቼ ይስሙልኝ» አላቸው። ፍቅሩን አየሽልኝ! አባባም ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው ደገሙለት። ብርጭቆውን ያስቀመጡት የጓደኞቹ ሳቅ በስልኩ ሲመጣ ነው።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች፤ ዘንድሮ ጠጠሩ ጋኑን ቪዲዮ ያነሳዋል!

ቆጣቢነቱስ? አባባ የተዉትን «አይባክን» ብሎ ጨለጠው። ቤት ያቆማል እንዲህ ያለ ሰው... አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባል የለ? የእሱ አፍንጫ ሲሠራ ግን የሰው ዓይን ነው የረጠበው። አባባ «ጭሱ ነው» ብለው አበሱት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መልስ ሊወስዱ ይመጣሉ፤ አባባ «እሷ ካለች እሺ ነው» ብለዋል። እኔ ምን አገባኝ? የወንድምሽ ሚስት ነኝ። ብቻ ያንቺ ዓይን ምን ሆኖ ቀላ?... ሳሙናው ነው። እሺ፣ ሳሙናው ነው።

እንግዳችንንስ ሳልመርቀው ይሄዳል? ዕድሜ ይስጠው። እንዳንቺ ያለች፣ የዓይኑ ማረፊያ የምትሆን ሴት ልጅ ይስጠው። ተምራ፣ አድጋ ያያት። እሱም ሸምግሎ፣ ጋቢውን ደርቦ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ... ልክ እንደራሱ ያለ አዋቂ አማች፣ ልክ እንደራሱ ያለ ስልክ ይዞ ይምጣለት። አሜን በይ እንጂ!

ላሊሴ መስኮቱን አልዘጋችውም። እኔ ከእነዚያ አፋቸው ጠበብ ካሉት የውስኪ ብርጭቆዎች አንዱን አደረቅሁ፣ ከጮጮው ወተት ሞላሁበትና ወደ በረንዳ ወጣሁ። እንግዳው ለሱ መስሎት እጁን ዘረጋ። አልፌው ሄድኩና በሁለት እጄ ለአባባ ሰጠሁ።