ያልተደወለው ደወል

(ሞጣ፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ። የባዮሎጂ መምህርቷ አሰገደች ፈተና እያረመች ነው፤ የኮሌጅ ጓደኛዋ መምህር ልሳነወርቅ ከቢቸና መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።)

ልሳነወርቅ፦ አንድ ትምህርት ብቻ ነው እኮ፣ አሰጉ። ብሎጉን በሙሉ ዝጊው አላልኩሽም።

አሰገደች፦ የቀረውን ስለተውክልኝ እግዜር ይስጥህ።

ልሳነወርቅ፦ የልብ ምቱን ትምህርት ብቻ። እስከ ሐሙስ ደብቂውና ከዚያ መልሰሽ ታወጪዋለሽ።

አሰገደች፦ ቆይ፣ አንተ ብሎጌን ታነባለህ እንዴ? አምና በመምህራን ስብሰባ ላይ «አሰገደች ደብተሯን እንደ ብቅል አደባባይ አስጥታዋለች» ብለህ አዳራሹን ሁሉ ያሳቅህብኝ አንተ አልነበርክም?

ልሳነወርቅ፦ ቀልድ ነበር።

አሰገደች፦ አውቃለሁ። እኔም እቤቴ ገብቼ ስስቅ አመሸሁ።

ልሳነወርቅ፦ አሁን የመጣሁት ላንቺ አስቤ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሌባው ብዙ ነው። የደከምሽበትን አንዱ ወስዶ የራሴ ነው ቢልስ?

አሰገደች፦ እንዲህ ያለ ሰው አለ?

ልሳነወርቅ፦ አይጠፋም።

አሰገደች፦ ቢቸናም አለ?

ልሳነወርቅ፦ ውሃ ይኖርሻል?

አሰገደች፦ ጆጉ አጠገብህ ነው። ጠጣና ንገረኝ።

ልሳነወርቅ፦ ሱፐርቫይዘሮች የማሳያ ትምህርት ሊያዩ መጡ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሞዴል መምህር ይመረጣል ተባለ። እኔ ደግሞ ድንገት ነው የተነገረኝ። ያንቺን አገኘሁ፤ ጥሩ ነው፤ አተምኩት። ስምሽን የቆረጥኩት ገጹ እንዳይበዛብኝ ብዬ ነው።

አሰገደች፦ ልክ ነህ፣ ስሜ ብዙ ቦታ ይይዛል። እሺ፣ ትምህርቱ እንዴት ሆነልህ?

ልሳነወርቅ፦ መጀመሪያ ላይ ቆንጆ ነበር። ልብን ሣልኩ፣ ደም ሥሩን ሣልኩ። ከዚያ ያንቺ ወረቀት እንደሚለው፣ «አሁን ደወሉ ይደወላል። እስኪያበቃ ማንም አይናገር፤ ሁላችሁም የእጅ አንጓችሁን ይዛችሁ ምቱን ቁጠሩ» አልኳቸው።

አሰገደች፦ እና?

ልሳነወርቅ፦ እናማ ያዙ። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ አንጓውን ይዞ ዝም አለ። ሱፐርቫይዘሮቹም ያዙ። እኔም ያዝኩ።

አሰገደች፦ የማንን ደወል ነው የምትጠብቁት?

ልሳነወርቅ፦ የትምህርት ቤቱን ነዋ። ጊዜውን አስልተሽ የጻፍሽው መስሎኝ። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ ምንም የለም። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ እንደገና ልጀምር?» አለችኝ።

አሰገደች፦ ልጅቷ የዋህ ናት። ልሳኑ፣ እዚህ የግቢያችንን ግንብ ታኮ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። በዐቢይ ጾም የቅዳሴው ደወል የሚደወለው እኩለ ቀን ላይ፣ ልክ በኔ ክፍለ ጊዜ ነው። በፊት ትምህርቴን ያቋርጠኝ ነበር። ደወሉ እየተደወለ ደግሞ ማውራት ደስ አይለኝም። እናም ዝምታውን ለልብ ምት ሰጠሁት። ይህን ከላይ ጽፌዋለሁ እኮ።

ልሳነወርቅ፦ የቱ ጋ?

አሰገደች፦ ከስሜ ቀጥሎ ባለው መስመር።

ልሳነወርቅ፦ እሱን ከስምሽ ጋር ቆርጬዋለሁ።

አሰገደች፦ ገጽ እንዳይበዛ። ለመሆኑ ለእንግዶቹ ምን አልካቸው?

ልሳነወርቅ፦ ደወል የሚደውለው ዘበኛ ዛሬ ታሟል አልኩ። እሱ ደግሞ በመስኮቱ በኩል እንጨት ተሸክሞ ሲያልፍ ሁሉም አየው።

አሰገደች፦ ቶሎ ተሻለው፤ ተመስገን ነው።

ልሳነወርቅ፦ ግን አልተቆጡም። እንዲያውም ዋናው ሱፐርቫይዘር፣ አቶ ገብረየስ፣ እስከ መጨረሻው ፈገግ ብለው ነው ያዩኝ። ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሐሙስ በወረዳው መምህራን ሁሉ ፊት ትደግመዋለህ፣ ደወሉ ግን እንዳይቀር አሉኝ። ወደውታል። ከዚያ ስብሰባ በፊት አንዱ ያንቺን ቢያገኘው አለቀልኝ።

አሰገደች፦ ከትምህርቱ ሥር መምህራን የጻፉትን አይተሃል?

ልሳነወርቅ፦ እሱን አላተምኩትም።

አሰገደች፦ ብታትመው ይሻልህ ነበር። ከወሎ አንድ መምህር ደወል ስለሌለን በአዛን አደረግነው ብሎ ጽፏል። ሌላዋ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲጀምር አስቆጥራቸዋለሁ ትላለች። መጽሐፍ ያልደረሳቸው ናቸው፤ ከብሎጌ ነው የሚያስተምሩት። አንተ ሐሙስ እንዳታፍር እነሱ ባዶ እጃቸውን ክፍል ይግቡ? እናንተ ግቢ አጠገብ ምን አለ?

ልሳነወርቅ፦ ወፍጮ ቤት።

አሰገደች፦ ወፍጮው ሲነሣ ቁጠሩ ብትላቸው እኮ የራስህ ትምህርት ይሆን ነበር።

ልሳነወርቅ፦ አሁን ቀልዱ ይቅር፣ አሰጉ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር በስብሰባ ላይ ስሜ ተጠርቶ የሚያውቀው ቀሪ ሲያዝ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለደግ ቢጠራ ምን ይጎዳሻል?

አሰገደች፦ እኔን ምንም። ስምህ ቢጠራ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን አቶ ገብረየስ ለምን ፈገግ እንዳሉ አልጠየቅከኝም።

ልሳነወርቅ፦ ወደውት ነዋ።

አሰገደች፦ ብሎጌን ከጀመርኩ ጀምሮ ያነቡታል። የልብ ምቱ ላይ የመጀመሪያውን አስተያየት የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ልሳነወርቅ፦ አትዪኝ።

አሰገደች፦ ትናንት ማታ ጻፉልኝ። «ቢቸና ላይ አንድ መምህር ያንቺን የመድኃኔዓለም ደወል አስጠበቀን። በፈቃድሽ ነው ወይ?» ይላል።

ልሳነወርቅ፦ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?

አሰገደች፦ አልመለስኩም። ጧት ደውለህ እመጣለሁ ስትለኝ፣ ይቅርታ ሊለኝ ይሆናል፣ ልጠብቀው ብዬ ተውኩት። አንተ ደግሞ ደብቂው ብለህ ጀመርክ። እንካ ስልኩን፤ አንተው መልስላቸው።

ልሳነወርቅ፦ እኔ ምን ብዬ? ከየት ነው የምጀምረው?

አሰገደች፦ ተማሪዎችህ ለፈተና ሲቀመጡ ከምታስጀምራቸው ቦታ። ከላይ፣ መጀመሪያ ስምህን።