የአያሌው አፍንጫ እና ስልሳው ሻማ

በእኛ ጊዜ ሚዛኑ አፍንጫ ነበር። እየጻፍሽ ነው ሰናይት? ጻፊ። ቅዳሜ ቅዳሜ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ከከላላ በበቅሎ የመጣ ቅቤ ሲወርድ ሴቶቹ ዝም ብለው አይገዙም፣ እኔን ነው የሚጠብቁት፣ "አያሌው ያሽትተው" ነው የሚሉት። ታዲያ እኔ ቆንጠር አደርግና እጄ ጀርባ ላይ አሸት አሸት አድርጌ፣ "ይሄ የሦስት ቀን ነው፣ ይሄ የሳምንት ነው፣ ይሄኛው ድንች ገብቶበታል" እላለሁ። ሻጩ ይምላል ይገዘታል፣ በኋላ ሲነጠር ድንቹ ድስቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይገኛል። እስከ ዛሬም እኔው ነኝ የማሸትተው። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። "አላውቅም" ብለሽ ጻፊ። ምን ያስቅሻል?

— ኧረ እየጻፍኩ ነው አባባ።

ይኸው እቺ አሁን ያበራሽልኝ ሻማ፣ የጦስኝ ሽታዋ ከበር ጀምሮ ነው የሚቀበልሽ። ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ።

እና የሻማውን ነገር ልንገርሽ። ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ጓዳ ሻማ ማቅለጥ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ጎረቤታችን ሙሉ፣ ያቺ አፏ እንደ መጋዝ የሆነችው፣ ልጇን ልትድር ሆነና መጣች። "አንቱ ጋሽ አያሌው፣ በየጠረጴዛው የሚበራ ስልሳ ሻማ ይሥሩልኝ፣ ጦስኝ ጦስኝ የሚል፣ ልጄ አቀስታ ስታስተምር የለመደችው ሽታ ነው፣ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን" አለችኝ። "አብሽሪ" አልኳት።

ታዲያ የኔ ድስት የሚይዘው አሥር ሻማ ነው፣ ስድስት ጊዜ ማቅለጥ ነው። የጦስኙ ዘይት በብልቃጥ ከደሴ የመጣ ነው። አንቺ ከሰይድ ሱቅ የቅመም ሚዛን ተውሰሽ መጣሽና "አባባ፣ ለየድስቱ እኩል መዝነው ይጨምሩ" አልሽኝ። እኔን? አያሌውን? በሚዛን? "መልሽለት፣ ሚዛን የሚይዘው አፍንጫ የሌለው ሰው ነው" አልኩሽ። አላልኩሽም?

— ብለዋል።

የመጀመሪያው ድስት ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ አሸተትኩ፣ ልክ ነው። ሁለተኛው ላይ ያንኑ ያህል ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ አሸተትኩ፣ የለም፣ ደካማ ነው፣ ጨመርኩ። ሦስተኛው ላይ "እቺ ብልቃጥ ንፋስ ገብቷታል" ብዬ ደግሞ ጨመርኩ። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስተኛው ላይ ብልቃጡን ገለበጥኩት። አንቺ በር ላይ ቆመሽ እንባሽን ትጠርጊ ነበር፣ እኔ ለሙሽራይቱ ያለቀስሽ መስሎኝ "አይዞሽ፣ ያንቺም ይደርሳል" አልኩሽ።

ማክሰኞ ሙሉ መጣች። አንዱን አነሳችና አሸተተች። "ይሄ መብራት ሲሄድ የሚለኮሰው ነው፣ ሽታው የታለ?" ሌላውን አነሳች፣ እህ እህ እህ፣ ሳል ያዛት። "አንቱ፣ እዚህኛው ጠረጴዛ የተቀመጠ እንግዳ ምንም አይሸተው፣ እዚያኛው የተቀመጠ ደግሞ የከረመ ጉንፋኑ ድኖ ሊሄድ ነው? ሐሙስ እመለሳለሁ። አንድ ካልሆነልኝ ከደሴ አስመጣለሁ፣ ቅዳሜም ቅቤዬን የሚያሸት ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።" ብላኝ ሄደች።

ሻማው ይቅር ግድ የለኝም፣ ቅቤው ነው ያመመኝ። ሙሉ ያለችውን ገበያው ሁሉ ነው የሚደግመው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ምን ልሠራ ነው ገበያ የምወጣው? ጎመን ልገዛ?

"ራሷ ጉንፋን ይዟት ነው" አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ፊትሽን እንዲህ የቅዱስ ሥዕል አስመስለሽ፣ "እሺ አባባ፣ እስቲ እንፈትን" አልሽና ቁጥር የተለጠፈባቸው ሦስት ሻማዎች ደረደርሽልኝ። ሰይድም፣ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው አብሮ አደጌ፣ ሚዛኑን ሊወስድ መጥቶ ቆሟል። አሸተትኩ። አንደኛዋን፣ "እቺ ደካማ ናት።" ሁለተኛዋን፣ "እቺ ልክ ናት።" ሦስተኛዋን፣ "እቺ በዝቶባታል፣ ራስ ታዞራለች።" ሰይድ ጎንበስ ብሎ አሸተተና "ወላሂ አያሌው፣ ሦስቱም አንድ ናቸው" አለኝ። "ሂድ ወዲያ፣ አንተ ከጨውና ከሳሙና ሌላ ምን አሽትተህ ታውቃለህ?" አልኩት። ያኔ አንቺ ቀስ ብለሽ ምን አልሽ?

— "ሦስቱም ከአራተኛው ድስት ናቸው አባባ።"

ሰይድ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። እኔ ጋቢዬን አነሳሁና ወጣሁ። የወረኢሉ መኪና እሚቆምበት ድረስ ሄድኩ፣ ብርድ ነው፣ ንፋስ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል ተንጎራደድኩና ተመለስኩ። እና የግቢውን በር ስከፍተው፣ ሰናይት፣ የጦስኙ ሽታ ደረቴን ገፍቶ አቆመኝ። ያረቢ፣ ይሄ ሁሉ ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበር? ለካ ገበያ ላይ ሜዳ ነው፣ ንፋስ አለ፣ ቅቤውም ዓይነቱ ብዙ ነው። እዚህ ግን በር ዘግቼ አንዱን ሽታ ስምግ ውዬ አፍንጫው ጠግቧል። አላረጀም። ጠግቧል ነው ያልኩሽ፣ እንደሱ ብለሽ ጻፊ።

ታዲያ መላውን አንቺ አመጣሽ። "ስልሳውንም አንድ ላይ እናቅልጠው፣ አንድ ድስት ከሆነ ሽታውም አንድ ነው።" ያን የሚያህል ድስት የት አለ? የእድሩ ነው ያለው። "ለሰርግ ነው" ብለን ወሰድን፣ መቼስ አልዋሸንም። ክሩን መዘን አወጣን፣ በቀስታ እሳት አቀለጥን፣ አማሰልን፣ ቀዳን። አንቺ የልብስ መቆንጠጫ አምጥተሽ አፍንጫዬ ላይ ሰካሽ፣ "እርስዎ ዛሬ አያሸቱም" አልሽኝ። የሚያሸተው ሰይድ ሆነ። ከሱቁ ይመጣል፣ ያሸታል፣ "አንድ ነው" ይላል፣ ይወጣል። እኔ በገዛ ቤቴ በአፌ እየተነፈስኩ።

ሐሙስ ሙሉ መጣች። ከላይ አንዱን፣ ከመሀል አንዱን፣ ከሥር አንዱን አሸተተች። ደግማ አሸተተች። "ይሄ እኮ ነው" አለች። "ምን አድርገው ነው?" እኔ አንቺን አየሁ፣ አንቺ ጣራውን አየሽ። "አፍንጫ ነዋ" አልኳት። ቅዳሜ ቅቤዋን ይዛ ከሁሉ ቀድማ እኔ ዘንድ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ ሰሙንም ዘይቱንም እመዝናለሁ፣ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው ዘይቱን የምጨምረው፣ ሁለት ቀን ሳላሳድር አልፈርድበትም፣ የሚያሸትም ከውጭ ነው የማመጣው። የእድሩ ድስት ግን፣ እንጃ፣ ብናጥበው ብናጥበው አልለቀቀም። በቀጣዩ ለቅሶ ምስር ወጡ ጦስኝ ጦስኝ አለ፣ ሰዉ "ማናት እቺ ባለሙያ?" እያለ ይበላል። እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ይሄንን ጻፍሽው እንዴ?

— ጽፌዋለሁ። አባባ፣ እቺ የምትነደው ሻማ አሁንም ትሸታለች?

እንዴታ፣ ቤቱን ሞልታው የለ? ልክ ናት፣ አልበዛ፣ አላነሰ።

— እሷ ጠዋት ከጋሽ ሰይድ ሱቅ የገዛኋት ተራ ሻማ ናት። ጠብታ የለባትም።

ውሸትሽን ነው።

— ጠጋ ብለው ያሽትቷት።

...

ተይ፣ አትሳቂ። ሂጂ ሰይድን ጥሪልኝ። እኔ አንቺንም አላምንሽ፣ ይሄንንም አፍንጫ አላምነው።