ዘግይቶ የተዘራው ገብስ

መካነ ብርሃን ላይ ወደ ጎንደር የሚመልሰኝ ማኪና ቢዘገይ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠጋሁ። እዚያ ወለተሩፋኤልን አገኘኋት፤ አብረን ተምረን እኔ አስተማሪ፣ እርሷ የኮምፒውተር ተመራማሪ ሆናለች። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ትከራከራለች። ክርክር እወዳለሁና ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ዝናቡም አፈሩም ቁጥር የሆነ የገብስ ማሳ ሠርታለች፤ የሚያወጣው ምርት ከአካባቢው የአምስት ዓመት የምርት መዝገብ ጋር ገጠመላት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ገበሬውን «ዘንድሮ ዘሩን ሦስት ሳምንት አዘግዩ» ልትል ነው። ሽማግሌው፣ አያ ላቀው፣ ደግሞ ይህን የሰማ ሁሉ የዓመት እህሉን ያጣል ባይ ናቸው።

«አያ ላቀው፣ መዝገቡን ይዩልኝ እንጂ። ዘግይቶ የተዘራው ሁሉ የበለጠ አምርቷል።»

«እሱስ እውነት ነው፣ ልጄ። ለምን እንደዘገየ ጠይቀሻል?»

«ቁጥሩ ከገጠመ ምክንያቱ ምን ያደርግልኛል?»

እኔም በልቤ ከእርሷ ጋር ነበርኩ። የተማረ ሰው ቁጥር ሲገጥምለት ጆሮው ይደፈናል።

አያ ላቀው ዱላቸውን አጋደሙ። «እኛ ስንዘራ ከሩቁ ማሳ እንጀምራለን፤ የጓሮው ደጃችን ነውና መጨረሻ ይደርሰዋል። የከብቱ ፍግ የሚደፋውም ጓሮ ነው። ያሳመረው ፍጉ ነው እንጂ መዘግየቱ አይደለም። ጓሮውንማ አጥሩ ከውርጭ ይጋርደዋል፤ ሩቁ ቢዘገይ ግን እሸቱ ሳይጠና ጥቅምት ላይ ውርጭ ይበላዋል። እስቲ ሣጥንሽን ጠይቂው፦ ያው ሩቅ ማሳ፣ ፍግ የሌለው፣ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ።»

ጠየቀችው። ምርቱ ይጨምራል አለ። ወለተሩፋኤል ፊቷ ቀላ፤ ፍግም ውርጭም አላስገባችም ነበር።

«መልሱ የገጠመልኝ በተሳሳተ ምክንያት ነው» አለች በመጨረሻ። «ይቅር ይበሉኝ። ምክሩን አልናገርም፤ እርስዎ ግን የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

እርሳቸው ሲናገሩ እርሷ ስትጽፍ ማኪናዬ መጥቶ አለፈኝ፤ አልቆጨኝም። ፍጉንና ውርጩን አስገብታ እንደገና ስትጠይቀው፣ የሩቁ ማሳ ምርት ከግማሽ በታች ወረደ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምነግረው ይህንኑ ነው። ማሽን ያለፈውን መድገሙ አይበቃም። አንድ ነገር ብቻ ለውጠን «አሁንስ ምን ይሆናል?» ስንለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሚያምንበት ምክንያት መመለስ አለበት። እንዲህ የተፈተነ እንደሆነ፣ ስህተታችን ማሳ ላይ ሳይደርስ እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ይቀራል።

አያ ላቀው ግን ጠጋ አሉ እንጂ አልተነሡም። «ሸጋ ነው። ፍጉን ግማሹን ወደ ሩቁ ማሳ ባጓጉዘውስ?»

ነካ ነካ አድርጋ «የሁለቱ ማሳ ድምር ይበልጣል ይላል» አለች። «ይህም አልተፈተነምና መጀመሪያ በግማሽ ጥማድ መሬት ይሞክሩልኝ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ።

«አርባ ዓመት ፍጉን ጓሮ ብቻ ደፋሁ» አሉ። «ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ቅርብ ስለሆነ ነው።»

ከዚያም አህያ የሚያውሳቸው ጎረቤት እንዳለ ነግረውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።