ከመምህር ሣህሉ ጎን ያለው ቦታ

በቡና ለቀማ ወር ከጅማ አጋሮ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ይነባበራል። ለሁለት በተሠራ ወንበር ሦስት ይቀመጣል። በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የበቾ ቦሬዋ ኩልሱም ስትገባ ግን አንዱ ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻ አየች።

ሰውየው አጋሮ ፊዚክስ የሚያስተምሩት መምህር ሣህሉ ናቸው። ራሽያ አገር ሲማሩ ቼርኖቤል የሚባለው የኑክሌር ጣቢያ ፈንድቶ፣ መርዙ የወደቀበትን መንደር ከሚለኩ ሰዎች ጋር ሠርተዋል። አንገታቸው ላይ ታመው የተቀደዱበት የቢላ ጠባሳ አለ። ይህን ያየና የሰማ ሁሉ «ጨረሩ ይዘላል» እያለ ይሸሻቸዋል።

«እናቴ፣ እዚያ አትቀመጪ፣ ከኋላ እንጠጋጋለን» አለ ረዳቱ።

«የሚመርጥልኝ ጉልበቴ ነው» ብላ ዘፍ አለች።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ኩልሱም ሻርፗን ወደ አንገቷ ሳበች። እንቁላል የሚያህል እንቅርት ከሥሩ እንዳለ ማንም አያውቅም።

«አመሰግናለሁ» አሉ መምህሩ በዝግታ።

«ምን አደረግኩልዎ?»

«ተቀመጡልኝ።»

ጥቂት እንደሄዱ መምህሩ እንደገና «ሲውጡ ያምዎታል?» አሏት።

ደነገጠች። «ማን ነገርዎ?»

«ወጣትነቴን የጨረስኩት የሕፃናት አንገት ላይ መለኪያ ስደግን ነው፤ አንገት የሚደብቅ ሰው አይጠፋኝም።»

ምስጢር ለጎረቤት ይከብዳል እንጂ ለመንገድ ሰው ይቀላል። ኩልሱም ስሟን ነግራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ እብጠቱ ከወጣባት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሰርግ ቤት ዘፈን የምታወጣው እሷ ነበረች፤ አሁን ድምፅዋ ሻክሮ ቤቷን ዘግታ ትውላለች። «ጅዳ ላለችው ልጄ በስልክ ጉንፋን ነው እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጉንፋን! ዛሬ ግን የባህል መድኃኒተኛው አባቦራ ጋ ልተኮስ ነው፤ በጋለ ብረት ያቃጥለዋል።»

«ሐኪም አይተዋል?»

«ሐኪም ያርዳል። እርስዎን አርዶ የለ?»

«አርዶኝም ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ።»

«ማንም ሳይቀርብዎ!»

ካፏ ሲወጣ ጸጸታት። መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ።

«ይዘላል ይላሉ…»

«አይዘልም፣ አደ ኩልሱም። የእኔ ሕመም ከዚያ አገር መምጣት አለመምጣቱን ሐኪሞቹም በእርግጠኝነት አይነግሩኝም። ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ግን ያውቃሉ።» ወደ እሷ ዞረው ቀጠሉ። «እዚያ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ አንዲት ላም ነበረቻቸው። ወተቱን ስለካው መሣሪያው ጮኸ። ይደፋ አልኳቸው። 'ነጭ ነው፣ አይሸትም፤ የማላየውን አልፈራም' አሉኝ። ቋንቋውም አጠረኝ። ተከራክሬ ተሸነፍኩና ወጣሁ። ወተቱን ለልጅ ልጃቸው አጠጡት። ከአራት ዓመት በኋላ ልጁን አንገቱ ተቀዶ ሆስፒታል አገኘሁት። አሮጊቷ ከአልጋው አጠገብ ነበሩ። ሰላም አላሉኝም። እኔም ያን ቀን ለምን እንደተሸነፍኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።»

«ታዲያ አሮጊቷ ምን ያድርጉ? ዓይን ያላየውን…» ብላ ጀመረችና አቆመች። ሟች ባሏ ኡመይር ትዝ አላት። «ማሎ! ኡመይርም እንዲሁ ነበር። ቡናውን በጥርሱ ነክሶ ደርቋል አለ። ገዢው መለኪያ አስገብቶ እርጥብ ነው ሲለው ሰድቦት ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ጆንያውን ብንፈታው ነጭ ሻጋታ! የዓመት ልፋት ለከብት እንኳ አልሆነ።»

«አንገትም እንደዚያ ነው። አባቦራ ውስጡን ሳያውቅ ይተኩሳል፤ ሐኪም አስቀድሞ ይለካል። የእኛን አገር እንቅርት ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው የአዮዲን እጥረት ነው። እዚያም አንገታቸው አዮዲን የተጠማ ሕፃናት ናቸው መርዙን አብዝተው የጠጡት። ዛሬ ግን ለእርስዎ ተሸንፌ አልወርድም።»

«እኔም ግትር ነኝ፣ ወላሂ!»

አጋሮ ደረሱ። የአባቦራ ቤት ከመናኸሪያው ማዶ ይታያል። ኩልሱም ወርዳ ቆመች፣ እግሯ ወዲያ አልሄድ አለ።

«ሐኪም ቤት ብቻዬን እፈራለሁ» አለች።

መምህሩ ለራሳቸው ኪኒን ጅማ ሆስፒታል ሄደው መመለሳቸው ነበር፤ ቤታቸው እዚያው ቅርብ ነው። ወደ ረዳቱ ዞረው «ሁለት ሰው፣ ወደ ጅማ» አሉት።

እብጠቱ በመርፌ ተመረመረ፤ ክፉው በሽታ አልነበረም። ጥር ላይ ተቀዶ ወጣላት፤ አንገቷም ከጋለ ብረት ተረፈ። ድምፅዋ እንደ ድሮው ባይሆንም ለልጇ እውነቱን ለመንገር በቃ። ጨውም አዮዲን ያለውን ትገዛለች፤ ከፀሐይና ከጭስ አርቃ ከድና ታስቀምጣለች፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ትጨምራለች። ጎረቤት ቢስቅባትም «የልጆችሽ አንገት ይተርፋል፣ ሳቂ!» ትላለች።

ከሆስፒታሉ ቀጠሮ መምህሩና እሷ አብረው በሚመለሱበት አንድ ቀን፣ ቅርጫት የያዘች ሴት ሚኒባሱ ውስጥ ጎንበስ ብላ ቆማለች።

«ነይ፣ እዚህ እንጠጋልሻለን» አለች ኩልሱም።

«ከጨረሩ ጋር?»

ኩልሱም ሻርፗን ገልጣ ጠባሳዋን አሳየቻት። «እኔ ስንት ወር ተቀመጥኩ። ምን ዘለለብኝ?»

ሴትዮዋ አመነታችና ተቀመጠች። የመምህሩ ትከሻ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፤ ቅርጫቱ ጉልበታቸውን ወጋው።

«ተጨነቁ፣ መምህር?» አለች ኩልሱም።

«ኧረ በጣም!» አሉ፤ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።