ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ብስክሌተኛ

በጣሊያን ጊዜ፣ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ካሚዮን ላይ፣ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ በርበሬ ነጋዴ ሲያወሩ ሰማሁ።

«የብስክሌተኞቹን ሥዕል አሁንም ትሰበስባለህ?» አለ ነጋዴው።

«ተወኝ እባክህ! ድሮ ሲጋራ ስገዛ ከፓኮው ውስጥ በነጻ አገኘው ነበር። አሁን ባለሱቁ አስቀድሞ እያወጣ ለብቻው ይሸጠዋል።»

«ስንት?»

«ሁለት ሊሬ! ሲጋራው ራሱ ይህን አያወጣም።»

«ታዲያ እንደ ድሮው ተለዋወጡ።»

«ማን ይለውጣል? ገበያ ቀን ዋርካ ሥር ዘርግተን ስንሳሳቅ እንውል ነበር። ዛሬ ሁሉም ዋጋው ይወደዳል ብሎ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል።»

«አጀብ!»

«ምኑን ሰማህ! ለመስቀል ሥጋ ያበላሁት አማቼ፣ ሥጋ በቆረጠበት ቢላዋ ምሰሶዬ ላይ የለጠፍኩትን ሥዕል ሲልጥ ያዝኩት!»

እኔም ቡታጅራ ልሸጣቸው የያዝኳቸውን ብስክሌተኞች ከደረት ኪሴ አውጥቼ ከተቀመጥኩበት ጆንያ ሥር ወሸቅኳቸው።